ሁለት ስም ያለው ሾፌር

ያለፈውን ሳምንት ያላነበበ አንባቢ ቢኖር ይህችን ብቻ ይዞ ይግባ፤ መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ በፋሲካ ሰሞን አላምረው የሚባል ሾፌር የላከባቸውን ሽማግሌዎች ከደጃፋቸው መልሰዋል። የዛሬው ጣጣ ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው።

መሪጌታን በጎንደር የማያውቃቸው ቢኖር ትናንት የመጣ እንግዳ ነው። የአቋቋም መምህር ናቸው። ተማሪው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፤ ሰፈሩም ከተማሪው ሰምቶ የኔታ ይላቸዋል፤ የገዛ ሚስታቸው ወይዘሮ የትነበርሽ እንኳ «የኔታ፣ ምሳ ደርሷል» ነው የሚሏቸው። ማኅሌት ሲቆሙ አንገታቸው ቀጥ፣ ደረታቸው ነፋ ይላል። ሰውም ይህን ኩራታቸውን ይወድላቸዋል፤ ያለ ሙያው የሚኮራ ሞልቷልና በሙያው የሚኮራ ሲገኝ ደስ ይላል። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ፍቅርተማርያም። በዩኒቨርሲቲው በማራኪ ግቢ ቤተ መጻሕፍት ትሠራለች። መልኳን ከእናቷ፣ አንገቷን ከአባቷ ወስዳለች።

አላምረው የድብ ባሕር ገበሬ ልጅ ነው። ጎረምሳ ሳለ ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ ወረደ፤ የመኪና ረዳት ሆኖ ቀረ፤ ዛሬ በራሱ ሚኒባስ ከጎንደር መተማ፣ ደንበኛ ሲገኝም የወሰኑን ድልድይ ተሻግሮ የሱዳኗ ገዳሪፍ ድረስ ይመላለሳል። አንድ ክረምት በማራኪ መስመር ሲሠራ ፍቅርተን ጧት ወስዶ ማታ ይመልሳት ነበር። መጀመሪያ ሰላምታ ሆነ፣ ከዚያ ጨዋታ፣ ከዚያም ሁለቱም ስሙን ሊጠሩት ያልደፈሩት ነገር።

የሽማግሌዎቹ መሪ አጎቱ አያ ፋንታሁን ነበሩ። ነጭ ጋቢ ለብሰው ከድብ ባሕር ድረስ መጡ። የኔታ የልጁን ሙያ ጠየቁ፤ ሾፌር መሆኑን ሲሰሙ «ሾፌር በየከተማው ጎጆ አለው። እኔ ልጄን ለመንገድ አልድርም» ብለው አሰናበቷቸው። ልጁን አላዩት፤ ሊያዩትም አልፈለጉ።

ያን ሰሞን ጓደኞቹ «ይዘሃት ጥፋ፤ ድልድዩን ከተሻገርህ ማን ያገኝሃል» ይሉት ነበር። አላምረው ግን «እኔ የሰው ልጅ በመስኮት አላወጣም። በደጅ ገብቼ በደጅ ነው የምወስዳት» አላቸው። ፍቅርተ ይህን በሰማች ጊዜ ከፍቅሩ እኩል ኩራቱን ወደደችለት።

በመስከረም መጨረሻ ከገዳሪፍ መልእክት መጣ። ሱዳን በጦርነት ከመታመሷ በፊት ነው እንግዲህ፤ ያኔ ድልድዩ ሰውንም ጭነትንም እንደ ልብ ያስተላልፍ ነበር። በዚያ የሚኖሩ ያገራችን ሰዎች ያቋቋሟት አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። የኅዳር ሚካኤልን በጎንደር ማኅሌት እናክብር፣ የኔታ ይምጡልን ብለው ለመኑ። የኔታ ዕድሜያቸው ሰባ ሊሞላ ነው። «ድምፄ ከአንገረብ ወንዝ ማዶ ከተሰማ ይበቃኛል እል ነበር፤ ለካ ወሰን ሊሻገር ኖሯል» አሉ። የዚያን ዕለት እራታቸውን እንኳ በዜማ ነበር የበሉት።

ፓስፖርቱን፣ ቪዛውን፣ ክትባቱን፣ መኪናውን ማሰናዳት በፍቅርተ ላይ ወደቀ። «የቢሮ ነገር አንቺ ታውቂያለሽ» ተባለች። እሷ ግን ከቢሮው ነገር አልፋ ሌላ ነገር አሰበች።

በማግስቱ ከሥራ ስትወጣ አላምረው ከማራኪ በር አለፍ ብሎ ቆሞ ነበር። ገብታ ከጎኑ ተቀመጠች።

«አላምረው፣ የገዳሪፍን መንገድ እንዴት ታውቀዋለህ?»

«እንደ አባቴ ማሳ። ምነው?»

«አባባን ውሰድልኝ።»

ሊያስነሣ የጨበጠውን ቁልፍ ለቀቀው።

«ሽማግሌዎቼን የመለሱትን አባባ?»

«ሌላ አባት የለኝም።»

«ሸጋ ነው» አለ፤ ግን ድምፁ ሸጋ አልነበረም። «ሲያዩኝ ምን ሊሉ ነው?»

«አይተውህ አያውቁም። የሚያውቁት ስምህን ነው። እኔ ደግሞ በክርስትና ስምህ እነግራቸዋለሁ። ኃይለ ሚካኤል ውሸት አይደለም፤ ካህን ያወጣልህ፣ በጸሎት የምትጠራበት ስምህ ነው።»

ይህን ስሕተት የካህን ቤት ልጅ ብቻ ናት የምትሳሳተው። ሌላው ሰው መደበቅ ሲያምረው የሐሰት ስም ይፈጥራል፤ እሷ ግን ውሸት ስለምትፈራ እውነተኛ ስም ፈልጋ ተደበቀችበት። ንጹሕ ነገር የሠራች መስሏት ፊቷ በርቶ ነበር።

«ፍቅርተ፣ እኔ ስሜን ደብቄ የሰው ቤት ገብቼ አላውቅም።»

«እስክትመለሱ ብቻ። ሰው መንገድ ላይ ይታወቃል ትል የለም? ይወቁህ። ከወደዱህ በኋላ ስምህን እኔው እነግራቸዋለሁ።»

ከመስኮቱ ውጭ ተማሪዎች እየተሣሣቁ ያልፋሉ። እሱ ግን የእሷን ዓይን ነበር የሚያየው፤ እሷም ያን ያህል ሲያዩዋት ዓይኗን የምትሰብር ልጅ አልነበረችም።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «ለሚካኤል ስል፣ ላንቺም ስል። አንድ ነገር ግን ቃል ግቢልኝ። ስሜ በክፉ ሲነሣ ከሰማሽ ዝም አትበዪ።»

«አልልም።»

ቃል መግባት እንዴት ቀላል ነው። ፍቅርተ ያን ምሽት ቤቷ የገባችው እየበረረች ነበር።

የመንገዱ ዝግጅት እንዴት እንደሄደ ሳላወጋችሁ ባልፍ ይቆጨኛል። በማኅሌት ሥርዓት ቀኝጌታ በቀኝ፣ ግራጌታ በግራ ይቆማሉ። አበው ይህን ሥርዓት ይዘውት ሚኒባስ ገቡ። ቀኝጌታ በቀኙ መስኮት፣ ግራጌታ በግራው መስኮት እንዲቀመጡ ተወሰነ። ዲያቆን መዝሙር የሚባል የየኔታ ተማሪ ግን «ስንመለስ ማኪናው ፊቱን ሲያዞር ቀኙ ወደ ግራ ሊዞር አይደለም ወይ» ብሎ ጉባኤውን እስከ ምሳ ድረስ አከራከረው። ለፓስፖርት ፎቶ ጆሮ መታየት አለበት ሲባሉ የኔታ «ጥምጣሜን ለካሜራ አላወልቅም» አሉ፤ ፍቅርተ ጥምጣሙን ከጆሯቸው ከፍ አድርጋ አሥራ አስታረቀቻቸው። ክትባት የተወጉት ደግሞ ረቡዕ ቀን ነበርና ግራጌታ መርፌው ጾም ያስገድፍ እንደሆነ ሐኪሙን አጥብቀው ጠየቁት።

በዚህ ሁሉ መካከል «ሾፌሩ ኃይለ ሚካኤል» በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ የየኔታ ቤት ይመጣል። መንገዱን ከአዘዞ ጀምሮ በአይከል፣ በሸህዲ፣ በመተማ ዮሐንስ፣ በገላባት አድርጎ እስከ ገዳሪፍ ያወጋቸዋል። የት ቁርስ እንደሚበላ፣ ቆላው የት ላይ ሙቀቱን እንደሚጀምር፣ ድልድዩ ላይ ከወዲህ ማን ወረቀት እንደሚያይ፣ ከወዲያ ማን እንደሚያይ ይነግራቸዋል። አበው እንደ ስንክሳር ነበር የሚያዳምጡት።

አንድ ቀን የጭነት ነገር ተነሥቶ ከበሮው ፖርቶ መጋላ ላይ ይታሰር ተባለ።

«የኔታ፣ ከበሮው ጣሪያ ላይ አይወጣም» አለ አላምረው። «የመተማ ፀሐይ ቆዳውን ይሰነጥቀዋል። ከኛው ጋር ውስጥ ይግባ።»

«ወንበሩ ሞልቷል እኮ።»

«አንዱ ይጠጋጋላ። እኛ ብንጨናነቅ እንድናለን፤ እሱ ከተቀደደ ገዳሪፍ ሄደን ምን ልናደርግ ነው?»

የኔታ ሣቁ። ዲያቆን መዝሙር ወንበሩን ለከበሮ አስረክቦ የኋላው መደዳ ላይ ተሸጎጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኔታ እሑድ ሲደርስ «ያ ልጅ አልመጣም?» ማለት ያዙ። ፍቅርተ ይህን ስትሰማ ወደ ጓዳ ገብታ ብቻዋን ትሥቃለች። ነገሩ ሁሉ እንዳሰበችው ሊሆን ነው።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። የመጨረሻው እሑድ ላይ የኔታ ጠላው ጣማቸው፤ ጨዋታውም ሞቀ። ጣሳቸውን ይዘው ወደ አላምረው ዞሩ።

«ኃይለ ሚካኤል፣ ያንተ ቢጤ ሾፌር መኖሩን ባውቅ ኖሮ ባለፈው ሾፌርን ሁሉ ባንድ አፍ አልሰድብም ነበር።»

«ማንን ሰደቡ፣ የኔታ?» አሉ ቀኝጌታ።

«አንድ አላምረው የሚሉትን ነዋ፤ ሽማግሌ ላከብኝ። አላየሁትም፤ ግን ባላየውም አውቀዋለሁ። ያባቱ ዐፈር ከእጁ ሳይለቅ የካህን ቤት ልጅ ያማረው። ወንድ ቢሆን ሽማግሌ ጀርባ አይደበቅም፤ ራሱ መጥቶ ዓይኔን ያየው ነበር።»

ቤቱ በሣቅ ተሞላ። አላምረው አልሣቀም፤ አልተቆጣምም። የኔታን አላያቸውም። ዓይኑን አንሥቶ፣ የጠላውን ማሰሮ ይዛ ከጓዳው በር ላይ የቆመችውን ፍቅርተን ብቻ አያት።

ቃል የገባችበት ሰዓት ይህ ነበር። አፏንም ከፍታ ነበር። ግን አባቷን አየቻቸው። እንዲህ ከልባቸው ሲሥቁ ካየቻቸው ስንት ጊዜ ሆኗል። አሁን ብናገር መንገዱ ይቀራል፣ ማኅሌቱ ይቀራል፣ ሽማግሌው አባቴ በሰው ፊት ያፍራሉ ብላ አሰበች። አፏን ዘጋችና የቀኝጌታን ጣሳ መሙላት ጀመረች። ጠላው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ጋቢያቸው ላይ እስኪፈስ ድረስ አላወቀችም።

ቀና ስትል አላምረው ተነሥቶ ነበር።

«የኔታ፣ ለዛሬ ይበቃኛል። ማኪናዬን ላስፈትሽ።»

በአጠገቧ ሲያልፍ እንደ ሌላው ቀን ቀስ አላለም። እሷም ማሰሮውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ቀረች፤ ልቧ ግን ተከትሎት ደጅ ወጥቶ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ዲያቆን መዝሙር ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ የታጠፈ ወረቀት አመጣላት። «የመንገዱ ዕቅድ ነው፣ ሾፌሩ ላንቺ ስጥ ብሎኛል» አላት። እውነትም ዕቅድ ነበር። ከአዘዞ ጀምሮ የየከተማው ስም፣ የየፍተሻው ቦታ፣ ውሃ የሚሞላበት፣ የሚታደርበት ሁሉ ጥርት ባለ ጽሕፈት ሰፍሯል። ገዳሪፍ ከሚለው በታች ግን እንዲህ ይላል።

«ፍቅርተ፤ አባትሽን በሰላም ወስጄ በሰላም እመልሳቸዋለሁ። ቃሌ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ማራኪ በር ላይ አትጠብቂኝ። አባትሽ በሰደቡኝ አልተቀየምሁም፤ አያውቁኝም። አንቺ ታውቂኛለሽ። ያባቴ ዐፈር ከእጄ ለቆ ከሆነ ነው የማዝነው፤ በዚያ ዐፈር ስንዴ አብቅሎ ነው ያሳደገኝ። አንቺ ካፈርሽበት ግን እኔ ሌላ አባት፣ ሌላ ስም ከየት አመጣልሻለሁ? ዝም ማለትሽን አልረሳውም። ደኅና ሁኚ።»

ፍቅርተ በመጻሕፍቱ መደርደሪያ መካከል ቆማ አነበበችው። መጀመሪያ ተናደደች። እሱ ምን ያውቃል፤ እኔ ለአባቴ ብዬ እንጂ፣ ለመንገዱ ብዬ እንጂ ብላ ለራሷ ተሟገተች። ደወለችለት፤ አላነሣም። ደግማ ደወለች። ደግማ ወረቀቱን ስታነብ ግን ሙግቷ አለቀባት። ያፈረችው በእሱ ነበርን? አልነበረም። ታዲያ ምነው አፏ ተያዘ? በቆመችበት አለቀሰች።

ከሰዓት በኋላ ቤት ስትገባ ወይዘሮ የትነበርሽ ለመንገደኞቹ ዳቦ ቆሎ ይቆርጣሉ።

«ምነው ልጄ፣ ዓይንሽ ቀላ?»

«ሽንኩርት ነው።»

«ለዳቦ ቆሎ ሽንኩርት መክተፍ መቼ ነው የተጀመረው?»

ፍቅርተ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። እናቷ ሥራቸውን አላቆሙም።

«ሾፌሩ አላምረው ነው አይደል?»

«ማን ነገረሽ?»

«አንቺው ነሻ። ለሰው ሁሉ ስትቀጂ ጣሳ ጣሳውን ታያለሽ፤ ለሱ ስትቀጂ ጣሪያ ጣሪያውን። እናት ነኝ እኮ። እስከ ዛሬ ዝም ያልሁት መቼ ትናገር ይሆን ብዬ ነው።»

«አባባ በሰው ፊት እንዳያፍሩ ብዬ ነው ዝም ያልሁት፣ እማዬ።»

«አባትሽ ለማፈርም ለመቆጣትም ትከሻው አላቸው። ደጃቸው ላይ አጎንብሶ የገባ ሰው ግን ዓይናቸውን አይሞላም። አንቺ ልጁን ምን አድርገሽ አስገባሽው? አጎንብሶ። ስሙን እንኳ እንደ ሰረቀው ዕቃ ደብቀሽ።» ወይዘሮ የትነበርሽ ቢላዋውን አስቀመጡ። «እኔ ብሆን፣ የምኮራበት ሰው ካለኝ በሰው ፊት እኮራበት ነበር። ለብቻ የሚኮሩበት ነገር ምን ደስ ይላል?»

ፍቅርተ ሌላ አልጠየቀችም። ዳቦ ቆሎውን ከእናቷ ጋር ስትቆርጥ አመሸች፤ ፍርሃቷ አልለቀቃትም፣ ግን ከፍርሃቷ የበረታ ነገር ከውስጧ ተነሥቶ ነበር።

የመንገዱ ቀን ደረሰ፤ መንገደኞቹ የሚነሡት ከደብሩ ግቢ ነው። ማለዳ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ለሽኝት ቀርቷል። አንዱ ጸናጽሉን በጨርቅ ይጠቀልላል፣ አንዱ መቋሚያዎቹን ያስራል፣ ግራጌታ በግራው መስኮት በኩል ከወዲሁ ገብተው ተቀምጠዋል። ከበሮው ወንበሩ ላይ ጋቢ ለብሷል። አላምረው ጎማውን ዞሮ አየ፣ ዘይቱን አየ፣ መስተዋቱን ወለወለ። ፍቅርተን ግን አላያትም።

የኔታ በነጭ ጥምጣምና በነጭ ካባ ወጡ። እንዲህ አምረው አያውቁም። ሰውን ሁሉ ባርከው፣ «መልአኩ ሚካኤል በፊታችን ይቅደም» ብለው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ሾፌሩ ዞሩ። ለመንገድ ሲነሡ ሽማግሌ መንገደኛውን በሰው ፊት ለሾፌሩ አደራ ይሰጣል፤ የደብሩ ወግ ነው።

«ልጄ ኃይለ ሚካኤል፣ እነሆ ይህን ጉባኤ...»

«አባባ።»

ሰው ሁሉ ዞረ። ፍቅርተ ከሴቶቹ መካከል ወጥታ መሐል ግቢው ላይ ቆማለች። ነጠላዋን አጣፍታለች። አንገቷ ቀጥ ብሏል።

«አደራውን ከመስጠትዎ በፊት ስሙን ይወቁት።»

«ስሙን አውቀዋለሁ እኮ።»

«አላምረው ነው። በፋሲካ ሽማግሌዎቹን የመለሱበት አላምረው። በክርስትና ስሙ ደብቄ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ እሱ አልወደደም ነበር። ባለፈው እሑድ ሲሰድቡትም ዝም ያልሁት እኔ ነኝ። ተናገሪ ብሎ ቃል አስገብቶኝ ነበር፣ አባባ፤ ፈርቼ ዋጥሁት። በዚያ ዝምታዬ ነው የማፍረው፤ በሱ አላፍርም። በሱ እኮራለሁ። ዛሬ ቢቆጡኝም፣ መንገዱ ቢቀርም፣ ይህን በሰው ፊት ሳልናገር አልሸኛችሁም።»

ቀኝጌታ ጉሮሯቸውን ሊጠርጉ ጀምረው ተዉት። አላምረው መስተዋቱን የወለወለበትን ጨርቅ እንደ ያዘ ቀረ፤ በዚያ ጧት ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አንሥቶ አያት፤ ያን ጊዜ ፍቅርተ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ቢመጣ እንደምትችለው ተሰማት።

የኔታ ልጃቸውን ትተው ወደ እሱ ቀረቡ።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ የኔታ።»

«ሽማግሌ የመለስሁብህ መሆኑን እያወቅህ ነው ቤቴ የመጣኸው?»

«እያወቅሁ ነው።»

«ምነው ታዲያ ልትወስደኝ ተነሣህ?»

«እርስዎ የከለከሉኝ ልጅዎን ነው። ሚካኤልን አልከለከሉኝም።»

ከሴቶቹ በኩል የታፈነ ድምፅ ተሰማ። የኔታ መቋሚያቸውን ጠበቅ አደረጉ።

«ወንድ ቢሆን ራሱ መጥቶ ዓይኔን ያየው ነበር ብያለሁ።»

«ሰምቻለሁ። ይኸው እያየሁዎ ነው።» አላምረው ጨርቁን ኪሱ ከተተና እጁን አጣምሮ በአክብሮት ቆመ፤ ድምፁ ግን አልተነቃነቀም። «የኔታ፣ ኃይለ ሚካኤል ካህን ያወጣልኝ ስም ነው። አላምረው አባቴ ያወጣልኝ ነው። ባንዱ አመሰገኑኝ፤ በሌላው ሰደቡኝ። ሰውየው ግን አንድ ነው። የትኛውን እንደሚያውቁት እርስዎ ይፍረዱ። ሌላ ሾፌር ከፈለጉ ቁልፉ ይኸው፤ ማኪናዬን ይዛችሁ ሂዱ። እኔን ከወሰዱኝ ግን በሁለቱም ስሜ ውሰዱኝ።»

ቁልፉን በሁለት እጁ አቀረበ። የኔታ አልተቀበሉትም። ጥምጣማቸውን አስተካከሉ፤ ሰማዩን አዩ፤ መሬቱን አዩ። ኩሩ ሰው ሲሸነፍ ማየት ደስ አይልም፤ ኩሩ ሰው ሳይሸነፍ ሲመለስ ማየት ግን ሌላ ነው። የኔታ ይቅርታ አላሉም። አልተቆጡምም። አንዲት ቃል ብቻ ተናገሩ።

«ቁጠር።»

ግቢው ተነቃነቀ። ወይዘሮ የትነበርሽ ደረታቸውን ያዙ። በዚያ አገር ሰው ለሾፌሩ ቁጠር አይልም፤ ለተማሪውም አይልም። ሰባት ቤት የሚያስቆጥሩት ለልጃቸው ያሰቡትን ሰው ነው፤ ዘር ተገናኝቶ ጋብቻው እንዳይረክስ። ፍቅርተ ቃሉን ሰማች፤ የሰማችውን ለማመን ግን ፈራች።

አላምረውም ገባው። ለአንድ አፍታ ያ ኩሩ ፊቱ እንደ ልጅ ሊያለቅስ ነበር። ከዚያ ትከሻውን አቅንቶ ጀመረ።

«አላምረው ወንዴ። የድብ ባሕር አራሽ። ወንዴ እንኳየሁ። አራሽ። እንኳየሁ ምንዳዬ። አራሽ፣ ንብም ያነብ ነበር።» እያንዳንዱን ስም እንደ ሹመት ነበር የሚጠራው። «ምንዳዬ ጓዴ።»

«ቁም» አሉ የኔታ።

ፊታቸው ተለውጦ ነበር። ወይዘሮ የትነበርሽም በጣታቸው ይቆጥሩ የነበረውን አቆሙ።

«በኔም ቤት ጓዴ አለ» አሉ የኔታ ቀስ ብለው። «የአያቴ አባት። የየት ጓዴ ነው ያንተ?»

ፍቅርተ ትንፋሿን ያዘች። ከንቀት ያመለጠ ፍቅር በዝምድና ሊሞት ነው። አባቷን ማሳመን ይቻላል፤ ደምን ማን ያሳምነዋል? አላምረው ቀለሙ ጠፋ። ሊዋሽ የሚችልበት ሰዓት ነበር፤ ጓዴን ዘልሎ ሌላ ስም ቢጠራ ማን ያውቅበታል። ፍቅርተ ግን እንደማይዋሽ አወቀች፤ እንዲዋሽም አልፈለገች።

«ልንገርዎ፣ የኔታ። ሰው እንደ ነገረኝ ነው የምነግርዎ» አለ። «ጓዴ አድማሱ ይባላል። ድብ ባሕር ተወልዶ ድብ ባሕር ነው የሞተው። አንድ ዓይኑ አያይም ነበር። አያ ፋንታሁን ሲያወጉ፣ በሬ ሲያጠምድ ባንድ ዓይኑ ከባለ ሁለቱ ይልቅ ፈሩ ቀጥ ይል ነበር ይላሉ።»

«አድማሱ ነው ያልኸው?»

«አድማሱ።»

የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የገዛ አባቶቻቸውን ከታች ወደ ላይ እየቆጠሩ ነበር። ሁለት ጊዜ ቆጠሩ።

«የኔው ጓዴ የዛሪማ ነው» አሉ። «ጓዴ ክንፉ። ሁለቱም ዓይኑ ያይ ነበር። ቀጥል።»

አላምረው እስከ ሰባተኛው ቀጠለ። በእናትህም በኩል ተባለ፤ በእናቱም በኩል ቆጠረ። ሴት አያቶቹን ሲጠራ ወይዘሮ የትነበርሽ የራሳቸውን ዘር በጣታቸው እያስተያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ካህን የለበት፣ ሹም የለበት፤ አራሽ፣ አራሽ፣ አራሽ። በዚያ ግቢ ግን አንድም ሰው አልሣቀም። ዲያቆን መዝሙር እንኳ ቆብ አውልቆ ነበር የሚሰማው።

ሲጨርስ የኔታ መቋሚያቸውን አንሥተው ወደ መኪናው ሄዱ። ከሾፌሩ ጎን ያለውን በር ራሳቸው ከፈቱ። ሊገቡ ሲሉ ወደ ሚስታቸውና ወደ ልጃቸው ዞሩ፤ ማኅሌት ላይ በሚቆሙበት ድምፅ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው ተናገሩ።

«ዘመዳሞች አይደለንም።»

ወይዘሮ የትነበርሽ ነጠላቸውን በአፋቸው ላይ አድርገው እያለቀሱ ይሥቁ ጀመር። አላምረው ሞተሩን አስነሣ፤ ከመነሣቱ በፊት ግን ወርዶ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ወደ ፍቅርተ መጥቶ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣት። ተመልሶም መሪውን ያዘ። ሚኒባሱ ቀኝጌታን በቀኝ፣ ግራጌታን በግራ ይዞ ቁልቁል ወደ አዘዞ መንገድ ወረደ።

ፍቅርተ በቆመችበት ቀረች። ከአላምረው ጋር አንዲት ጠብታ ዝምድና እንደሌላት በአባቷ አፍ ሰምታለች፤ በሕይወቷ ይህን የመሰለ ደስ የሚል ነገር የነገራት ሰው አልነበረም።